ማቆሙንስ?

በጣም ሰልችቶኛል! ፒክአፕ የገዛ ሁሉ የሚያወራው ስንት እንደሚጎትት ብቻ ነው። ማቆሙንስ? አሜሪካ ውስጥ፣ ከዴንቨር ከተማ በስተምዕራብ፣ አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ቁልቁለት አለ። እዚያ ላይ ከባድ ተሳቢ የሚጎትተው ሰውዬ ፍሬኑን እንደረገጠ ያልፈኛል። የፍሬኑ ሽታ መስኮት ዘግቼም ይገባል። ማርሽ ቀንስ እንጂ ወንድሜ!

ሻጮቹማ የባሰ ያናድዱኛል። 7,000 ፓውንድ የሚመዝን ተሳቢ በተለምዶ ከ700 እስከ 1,050 ፓውንድ የሚሆነውን ክብደት መኪናው ላይ እንደሚያሳርፍ ለምን አይነግሩም? ቤተሰቡና ሻንጣው ሲጨመር የመኪናው የመጫን አቅም እዚያው ያልቃል። ልኩ እኮ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል! ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የተሳቢውን ፍሬን ማስፈተሽማ ጨርሶ ትዝ የሚለው የለም። እኛ እኮ በዚያው መንገድ ልጆች ይዘን ነው የምንሄደው!