ማስተካከያ፦ የማይድን የቤት ዓሣን ሳይሰቃይ ስለ ማሳረፍ

ለፒያሳና ለአራት ኪሎ ዓሣ አሳዳጊዎች በሰጠነው ምክር፣ የማይድን ወርቃማ ዓሣ በኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ይህ ዓሣ ብርድ ስለሚችል ቶሎ ራሱን አይስትም፤ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይሰቃያል።

ትክክለኛው መንገድ የቅርንፉድ ዘይት ነው። ዓሣውን ከራሱ ገንዳ በተቀዳ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ያድርጉት፤ 0.4 ሚሊ ሊትር ዘይት በሲሪንጅ ይለኩ። ዘይቱ እንዲሁ ከተጨመረ ከውሃው ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ በያዘ ብልቃጥ ውስጥ ጨምረው፣ ከድነው፣ ወተት እስኪመስል ይናጡት። መጀመሪያ ጥቂቱን ብቻ ያፍስሱ፤ በአንዴ ከተደፋ ዓሣው ይደነግጣል። በጎኑ ሲተኛና ሲነካ የማይንቀሳቀስ ሲሆን የቀረውን ይጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ከጭንቅላቱ ጎን ያለው የመተንፈሻ ክዳን መንቀሳቀስ ማቆሙ ሞት አይደለም። ካቆመ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ እዚያው ይቆይ፤ ቀድሞ ከወጣ ሊነቃ ይችላል።

ከመርካቶ የሚገዛውን ደረቅ ቅርንፉድ ማፍላት ዘይቱን አይተካም፤ መጠኑ አይታወቅም። ሬሳውን ይቅበሩት እንጂ ለድመት አይስጡት።