ማስተካከያ፦ የ2026 የፎርሙላ ዋን መክፈቻ ሰዓት፣ የካዲላክ ሞተርና የኤሌክትሪክ ኃይሉ

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የፎርሙላ ዋን ተከታታዮች ዘንድ በሰፊው የተጋራው የ2026 የውድድር ዘመን ቅድመ ዳሰሳ ሦስት ስህተቶች አሉበት። ማስተካከያው ከውድድሩ ይፋዊ የጊዜ ሰሌዳ፣ ከቡድኖቹ መግለጫና ከዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የቴክኒክ ደንብ የተወሰደ ነው።

ዋናው የሰዓቱ ስህተት ነው። የሜልቦርኑ መክፈቻ እሁድ የካቲት 29 «በ7 ሰዓት» ተብሏል። በሜልቦርን 15:00 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ 7:00 የሚለው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ሳይቀየር እንዳለ ተገልብጦ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን የሚከፍት ሰው ውድድሩ ካለቀ ከብዙ ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ሁዳዴ ነውና ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ድጋሚ ስርጭቱን ቢጠብቁ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ አዲሱ የአሜሪካ ቡድን ካዲላክ በራሱ ሞተር ይወዳደራል መባሉ ነው፤ በ2026 በራሱ ሞተር አይወዳደርም። ሾፌሮቹ ፔሬዝና ቦታስ የሚነዱት መኪና ሞተሩም ካምቢዮውም የፌራሪ ነው።

«የኤሌክትሪክ ኃይሉ ተነሳ» (ማለትም ከመኪናው ተወገደ) የተባለው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የወጣው ከቱርቦው ጋር ተያይዞ ከጭስ ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ ኃይል የሚሰበስበው የኤሌክትሪክ ሞተር ከ120 ኪሎዋት ወደ 350 አድጓል፤ የቤንዚኑ ሞተር ድርሻ ደግሞ ወደ 400 ኪሎዋት ገደማ ወርዷል። ስለዚህ ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ ባትሪው ቀድሞ ካለቀ መኪናው ፍጥነቱ ይወርዳል። በልምምድ የታየን ከፍተኛ ፍጥነት ብቻ ይዞ ቡድኖችን ደረጃ ማውጣት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባትሪው የት ላይ እንደተቆጠበም መታየት አለበት።