የብስለት ባሕረ ሐሳብ

የዋሽንግተን የቼሪ ዛፎች መቼ እንደሚያብቡ የሚተነብዩት ባለሙያዎች በየዓመቱ ይጨነቃሉ። ሙቀቱን ይለካሉ፣ እንቡጡን ያያሉ፣ ቀን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ አንድ ሌሊት ብርድ ይመጣና ያሳፍራቸዋል። ምስኪኖች! ወደ አንዱ የቤዝቦል ክለብ ቢሮ ጎራ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰባቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ መኪና ውስጥ ራዲዮ ከፍቼ ነበር። የፀደዩን ልምምድ ሙሉውን ኳስ ከአጥር ውጭ ሲያሻግር የከረመ አንድ ለጋ ወጣት ወደ ማይነር ሊግ፣ ማለት ከዋናው ሊግ በታች ወዳለው ማሠልጠኛ ሊግ፣ መመለሱን ጋዜጠኛው አበሰረን። ምክንያቱስ? ልጁ ገና አልበሰለም፤ ጓንቱ ላይ፣ ማለት ኳስ አያያዙ ላይ፣ ጥቂት መሥራት ይቀረዋል። ከኋላ የተቀመጠው የአሥር ዓመት ልጄ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሁለት ሳምንት» አለ።

«ምኑ?» አልኩት።

«የሚቀረው ሥራ ነዋ፣ አባዬ።»

እናንተም ይህን ዜና በየዓመቱ ስለምትሰሙት ንዴቴን አላብራራም። ዛሬ ግን ማማረር አልፈልግም። ሰው ሁሉ በሚያማቸው ለእነዚህ የክለብ የብስለት ሊቃውንት አንድ የምስጋና ቃል የሚጽፍ መቼም አይጠፋም፤ እኔ ልጻፍ።

እናቶቻችን ሊጡ መቡካቱን ለማወቅ ክዳኑን ከፍተው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዳንዴም ይሳሳቱና እንጀራው ዓይን አያወጣም። ጠጅ ጣይዋ ሳትቀምስ «ደርሷል» አትልም። የክለቡ ሊቃውንት ግን መቅመስም ማሽተትም አያስፈልጋቸውም። አባቶቻችን ነነዌና ፋሲካ የሚውሉበትን ቀን ለማግኘት መጥቅዕና አበቅቴ ሲያሰሉ ኖረዋል፤ ያም ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው። እነዚህኞቹ ባሕረ ሐሳቡን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጠቅልለውታል፤ 172።

በዋናው ሊግ ቡድን ውስጥ 172 ቀን የተመዘገበለት ተጫዋች አንድ ዓመት እንዳገለገለ ይቆጠርለታል። እንዲህ ያለ ዓመት ስድስት ሲሞላው ነጻ ይወጣና ጉልበቱን ለፈለገው ክለብ ይሸጣል። የውድድሩ ዘመን ደግሞ ከ180 ቀን ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ልጁን መጀመሪያ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ብታቆዩት ያ ዓመት ዓመት አይባልም፤ የስድስት ዓመቱ ሎሌነት ሰባት ይሆናል። ወጣቶች የሚበስሉት ሁልጊዜ በኤፕሪል አጋማሽ የሆነው ለምን እንደሆነ የአየር ጠባይ አጥኚዎች ቢመረምሩት መልካም ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ተአምር ሁሉ እኔ የምወደው የ2015ቱን የክሪስ ብራያንትን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ልጄ ይህን ታሪክ ልጀምር ስል ጆሮ ማዳመጫውን ያደርጋል፤ እናንተ ግን አንባቢዎች ናችሁና ማምለጫ የላችሁም።

ብራያንት ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት የ2013 ምልመላ ሁለተኛ ሆኖ በቺካጎ ካብስ ክለብ የተመረጠ ልጅ ነው። በ2014 በማይነር ሊግ 43 ሆም ረን (ከአጥር ውጭ የተሻገረ ኳስ) መታ። በ2015 የፀደይ ልምምድ ደግሞ ከተቆጠሩለት 40 ሙከራዎች 17ቱን መታ፤ ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ ሆም ረን ነበሩ፤ በዚያ ፀደይ በሆም ረን የሚበልጠው አልተገኘም። ከዚያስ? ከዚያማ ጓንቱ አልበሰለም ተባለና ወደ ክለቡ የማይነር ሊግ ቡድን፣ ወደ አይዋ፣ ዴ ሞይን ከተማ ተላከ።

እኔ እነዚያን ቀናት ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዋናው ሊግ ውድድር ኤፕሪል 5 ተጀመረ፤ እሱ ኤፕሪል 17 ተጠራ። አሥራ ሁለት ቀን! በአሥራ ሁለት ቀን ምን አስተምረውት ይሆን? በመጀመሪያው ቀን ጓንት የትኛው እጅ ላይ እንደሚጠለቅ ገለጹለት እንበል። በሁለተኛው ቀን አጠለቀ። በሦስተኛው ቀን መሬት ለመሬት ለሚመጣ ኳስ ወገብ እንደሚጎነበስ ተነገረው፤ በአራተኛው ተጎነበሰ፤ በአምስተኛው ከተጎነበሰበት ቀና አለ። በስድስተኛው ቀን የአይዋን የበቆሎ ማሳ እያየ ስለ ትዕግሥት አሰላሰለ። በሰባተኛው ቀን ፈጣሪም ዐርፏልና ዐረፈ። በስምንተኛው ቀን አሠልጣኞቹ ጓንቱን ለብርሃን ይዘው መረመሩት፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥሬ ነው። በዘጠነኛው ቀን ጠርዙ ለስለስ አለ፤ መሐሉ ግን ገና ነው። በዐሥረኛው ቀን መሐሉም ሊሆን ሲል ደመና መጣ። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁሉም ነገር የተሟላ መሰለ፤ ነገር ግን አንድ አረጋዊ ሊቅ ካሌንደሩን ገለጥ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ ቆዳው በሰለ። አውሮፕላን ተዘጋጀ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የዚያ ዓመት ውድድር 183 ቀን ነበር። ከዚህ ላይ 12 ሲቀነስ 171። አንድ ቀን ቀድመው ቢጠሩት 172 ይሆን ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጥሬ ነበራ!

ገና አልጨረስኩም። የበሰለው ልጅ ኤፕሪል 17 በዋናው ሊግ ሲጀምር አራት ጊዜ ወጥቶ አንድም አልመታም፤ ሦስቱን በስትራይክ አውት፣ ማለት ሦስት ጊዜ ስቶ፣ ተመለሰ። እንግዲህ «ይህ ልጅ አልደረሰም» ለማለት የሚያመች ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር። ወደ አይዋ የመለሰው ግን የለም። ለምን ይመለሳል? ቀኑ አልፏላ። በዓመቱ መጨረሻ በብሔራዊ ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ፤ ያውም አንድ ድምፅ ሳይጎድልበት። በ2016 የሊጉ ኮከብ ተባለ። ይባስ ብሎ ያ አሥራ ሁለት ቀን የፈጀበት የሦስተኛ ቤዝ ቦታው ሳይበቃ ብዙ ጊዜ በውጭ ሜዳም ያሰልፉት ጀመር።

በ2016 የቤዝቦሉ ዋንጫ (ወርልድ ሲሪስ) ሰባተኛ ጨዋታ ላይስ? ከ1908 ወዲህ ዋንጫ አይቶ የማያውቀው ካብስ ክሊቭላንድ ውስጥ 8 ለ 7 እየመራ፣ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ቀርቶት፣ ኳሷ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ቤዝ አቅጣጫ ሄደች። ያነሣት ማን ነው? ብራያንት። ርጥብ ሣር አንሸራቶት እየሳቀ ወረወራት፤ የ108 ዓመቱም ጥበቃ አበቃ። ያ አልበሰለም የተባለው ጓንት ነው።

ተጫዋቹ ቅሬታ አቅርቦ ነበር። ክርክሩ እስከ 2020 ተጓተተ፤ በመጨረሻ ገላጋይ ዳኛው ለክለቡ ፈረዱ። ልጁን ለማብሰል አሥራ ሁለት ቀን፣ መብሰል አለመብሰሉን ለመወሰን አራት ዓመት ገደማ። በ2020 ማብቂያ ነጻ ይወጣ የነበረው ሰው በ2021 ማብቂያ ወጣ።

አንዳንዴ ብስለት በሌላ መንገድም ይመጣል። እኛ ዋሽንግተኖች በ2018 በዓይናችን አይተናል። ዋን ሶቶ 19 ዓመቱ ነበር፤ ከዋናው ሊግ ሁለት እርከን ዝቅ ባለው በደብል ኤ ደረጃ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ሜይ 19 ቀን የአንድ አንጋፋ ተጫዋች የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ፤ በማግሥቱ ሶቶ ዋናው ቡድን ውስጥ ነበር። ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰልፎ በጀመረበት ጨዋታ የመጀመሪያዋን ኳስ ሆም ረን አደረጋት። የአንዱ ጅማት ሲበጠስ የሌላው ጓንት ይበስላል፤ ሳይንሱ ገና አልተጻፈም እንጂ እውነቱ ይህ ነው።

ከሊቃውንቱ ይልቅ የምደነቀው ግን በደጋፊው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና የምንጠጣበት ቤት አንድ ወዳጅ አለን፤ እናንተም ጋ አንድ አይጠፋም። ልጁ ወደ ታች በተላከ ቁጥር ፊቱ ይበራል። «ብልህ ክለብ! አንድ ዓመት አተረፉ እኮ» ይላል፣ ትርፉ ኪሱ የገባ ይመስል። የስታዲየሙ ቲኬት በአንድ ዶላር አልቀነሰለትም፤ የመኪና ማቆሚያውም ያው ነው። ይህ ወዳጃችን የራሱ አለቃ «የሙከራ ጊዜህ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እንተያይ» ቢለው ከተማውን በጩኸት ያናውጣል። የባለሀብትን ገንዘብ ሲቆጥር ግን እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ጣቱ አይደክምም።

መብሰል የሚባል ነገር የለም አልልም። ዊሊ ሜይስ እንኳ በ1951 ሲጀምር ከ26 ሙከራ አንድ ብቻ ነበር የመታው፤ አሠልጣኙ ታገሡት እንጂ። ልጆች ይፈራሉ፣ ይወድቃሉ፤ ተመልሰው መማር የሚገባቸው አሉ፤ የሚታገሥ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ግን እኮ ይህ ሌላ ነው! እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ16 ዓመታቸው ፈርመው የመጡ ናቸው፤ ገንዘብ ወደ ቤት የሚጠበቅበት ሰው ምን እንደሚሰማው ለእኛ አይነገረንም። በ2023 በዋናው ሊግ ዝቅተኛው የዓመት ክፍያ 720,000 ዶላር ሲሆን አንድ እርከን ዝቅ ብሎ በትሪፕል ኤ 35,800 ነበር፤ እሱም የማይነር ሊጎቹ ተጫዋቾች ማኅበር ውስጥ ገብተው ያገኙት ጭማሪ ነው። ከዚያ በፊትማ በ2018 የአሜሪካ ምክር ቤት እነዚህን ልጆች ከፌዴራሉ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ ነጥሎ አውጥቷቸዋል። የወርዋሪ ክርን አንድ ቀን ጠዋት ተበጥሶ ሁሉም ነገር ሊያበቃ ይችላል። ከዚህች አጭር ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት መውሰድ መስረቅ ነው። እኔን ደሜን የሚያፈላው ግን መስረቁ ብቻ አይደለም፤ ሰርቀው ሲያበቁ ጥፋቱን በተሰረቀው ልጅ ጓንት ላይ መለጠፋቸው ነው! «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው» በሉት። በሃያ ዓመቱ ሌሊት ተኝቶ «ምን ጎደለኝ?» እያለ ጣራ እንዲያይ አታድርጉት።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

በ2021 የአንድ ክለብ ፕሬዚዳንት ወጣቶቹን ያላወጡት የአገልግሎት ጊዜያቸው እንዳይቆጠር መሆኑን በአንድ የበይነ መረብ ስብሰባ ላይ በግልጽ ተናገረና ሥራውን ለቀቀ። በስብሰባው ሌሎችም የማይባሉ ነገሮች ተናግሮ ነበር፤ የእኔ ሐዘን ግን ለሙያው ነው። ምሥጢሩን ለምእመናን የሚገልጥ ሊቅ ማን ያስጠጋዋል?

በ2022 ደግሞ በክለቦቹና በተጫዋቾች ማኅበር መካከል አዲስ ስምምነት መጣ። በዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማት አንደኛና ሁለተኛ የወጡት መቼም ይጠሩ መቼ ሙሉ ዓመት ይቆጠርላቸዋል፤ ተስፈኛውን ልጅ ከመጀመሪያው አውጥቶ ያሸለመ ክለብም ተጨማሪ የምልመላ ዕድል ያገኛል። እናም ተአምር ሆነ! በዚያው ዓመት ሁሊዮ ሮድሪጌስ፣ ቦቢ ዊት፣ ስፔንሰር ቶርከልሰን ሁሉም በመክፈቻው ቀን በስለው ተገኙ። ለካ ጓንት በአንድ ክረምት፣ ፊርማ ሲያርፍበት፣ ሊበስል ይችል ኖሯል። አየሩ ተለውጦ ይሆናል።

ሽልማት የማይጠብቁት ልጆች ግን አሁንም በድሮው ባሕረ ሐሳብ ነው የሚበስሉት፤ የራዲዮው ልጅ ከእነሱ አንዱ ይመስለኛል። የወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ የበዓላትና የአጽዋማት ካሌንደር ተሰቅሏል። ልጄ ወንበር ላይ ቆሞ ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ በእርሳስ ቆጠረና አንድ ዓርብ ከበበ። የልጁ ቡድን በዚያ ዓርብ እዚህ ዋሽንግተን በእንግድነት ይጫወታል። ራዲዮው ስለ ጓንቱ ገና እየተወያየ ነው፤ እኛ ሦስት ቲኬት ገዝተናል። ቀኑ ጾም ላይ ስለዋለ ሆት ዶጉ ብቻ ቀርቶብናል።