ስቱኮ የለበሰች ስፖርት መኪና

ያቃጠለኝ የመኪናዋ እርጅና አይደለም፤ ውሸቱ ነው። ደላላው «ማርያምን! አንድ ዶክተር የያዛት ናት፤ ጭረት አያውቃትም» ብሎ ማለልኝ። ባሕር ዳር ጋራዥ ስትገባ ባለሙያው ማግኔት ያዘና በሩ ላይ አስጠጋው። ማግኔቱ አልጣበቅ አለ። ብረት የተባለው ለካ የተጋጨ አካል የሚሞላበት ልጥፍ፣ ስቱኮ ነው! የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረቱ ይታያል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ገና ምንም አልተነዳችም ይላል። እንዲህ ዓይነት ድፍረት ያማል።

ጉልበቷስ? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህን የሚናገር ሻጭ የት አለ?

የዓባይ በረሃማ አይነሳ። ከደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ስትወርድ ፍሬኗ ይሸታል፤ ስትወጣ ሙቀቷ ቀዩን ይነካል። ዝቅ ያለች ስለሆነች ደግሞ ፍጥነት መቀነሻው ሁሉ ሆዷን ይፍቃታል።

የቪትዝና የኮሮላ መለዋወጫ እዚሁ ሞልቷል። የእሷን ፍሪሲዮን ግን አዲስ አበባም አስፈልጌ አጣሁ። ከዱባይ በሰው ሻንጣ ይለመናል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሻጩ ሁሉ እሱን እየጠቀሰ ዋጋ ይሰቅላል። ይሁን፣ ስቀሉ። ግን ሰው በዕቁብ ያጠራቀመውን ብር ነው ይዞ የሚመጣው። የተጋጨችውን ተጋጭታለች በሉት! የፈለገ ይገዛል፣ ያልፈለገ ይተዋል።