ማስተካከያ፦ የግላስጎው አርማ ላይ ያለው ዓሣ የዓሣ ንግድን አያመለክትም

ሰሞኑን ብዙዎች የተጋሩት አንድ ጽሑፍ፣ በስኮትላንዷ የግላስጎው ከተማ አርማ ላይ የሚታየው ዓሣ በክላይድ ወንዝ የነበረውን የዓሣ ንግድ እንደሚያመለክት፣ አርማውንም ማንም እንደፈለገ ሊጠቀምበት እንደሚችል ይገልጻል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ዓሣው ሳልመን ነው። አርማው መሃል ባለው ጋሻ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ይታያል፤ አፉን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ የወርቅ ቀለበት ነክሷል። መነሻው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የከተማዋ ጠባቂ የቅዱስ ሙንጎ ገድል ነው። ንግሥቲቱ ከንጉሡ የተሰጣትን ቀለበት ለወዳጇ ትሰጣለች። ንጉሡ ነገሩን ሲደርስበት ሰውየው ተኝቶ ሳለ ቀለበቱን ወስዶ ወንዝ ውስጥ ይጥልና «ቀለበቱን አምጪ» ብሎ ያፋጥጣታል። መግቢያ ቢጠፋት ወደ ቅዱሱ ላከች፤ እሱም ዓሣ እንዲጠመድ አዘዘ፤ ቀለበቱም ከተጠመደው ዓሣ ተገኘ። (ንግድ የሚባል ነገር የለበትም!) አርማው ላይ ያሉት ወፍ፣ ዛፍና ደወልም ከዚሁ ቅዱስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አጠቃቀሙን በተመለከተ፣ አርማው በ1866 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ አርማዎችን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን፣ በሎርድ ላየን ጽሕፈት ቤት የጸደቀ ነው። በስኮትላንድ አርማ በ1672 በወጣ ሕግና በይፋ መዝገብ የሚጠበቅ ሲሆን ጉዳዩን የሚያይ የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ስለዚህ ምስሉን ለቲሸርት ወይም ለማኅበር ማኅተም ያሰባችሁ፣ ከማሳተማችሁ በፊት የከተማውን ምክር ቤት ፈቃድ ጠይቁ።