ውዳሴ ሰኔ

ሰኔና ሰኞ የገጠመበት ዓመት አይቀናም የሚለውን አባባል የፈጠረው ሰው፣ አንድም ቀን የግዢ ክፍል ውስጥ ያልሠራ መሆን አለበት። በድሬዳዋችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰኔ ከየትኛውም ቀን ጋር ቢገጥም ይዞ የሚመጣው በረከት ነው። ከሐምሌ እስከ ግንቦት «በጀት የለም» ሲባልበት የከረመው ካዝና ጠባዩ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሲታይበት ይቆይና በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይወርዳል።

ሐሜተኞች ይህንን «በጀት ማቃጠል» ይሉታል። ግፍ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ እንደሚሆን እያወቀ፣ ገንዘብ የመለሰ ደግሞ «የመፈጸም አቅም የለውም» ተብሎ ለከርሞ እንዳይቀነስበት እየሰጋ፣ 11 ወር ሙሉ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የሚችል ኃላፊ ከተገኘ ትዕግሥቱ ሊመሰገን እንጂ ሊታማ አይገባም።

እኔ ይህን በረከት በዓይኔ አይቻለሁ። ባለፈው ሰኔ አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቢሮ ጎራ ብዬ ነበር። ኮሪደሩ ላስቲካቸው ባልተላጠ ወንበሮች ተሞልቶ ስለነበር በጎን እየተንሸራተትኩ አለፍኩ። ከጸሐፊዋ ጀርባ የቶነር (የማተሚያ ቀለም) ካርቶን እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሯል። ማተሚያው ግን ከጥር ጀምሮ ተበላሽቷል። ለምን እንደማይጠገን ብጠይቅ፣ ጥገና በሌላ የሂሳብ መደብ እንደሚያዝና በዚያ መደብ ላይ ገንዘብ እንደሌለ፣ ቶነር የሚገዛበት መደብ ግን ገንዘብ ስለተረፈው ማለቅ እንዳለበት በትሕትና አስረዱኝ። ቶነሩ ለየትኛው ማተሚያ እንደሚሆን መጠየቅ ነውር መሰለኝና ተውኩት።

እንግዲህ ነጋዴ ወገኖቼ፣ መጪው ሰኔ እንዳያመልጣችሁ ከወዲሁ ተሰናዱ። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የታክስ ክሊራንስና ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆን ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) በእጃችሁ ይኑር። የጨረታ ሰነዱን በማይመለስ ብር ከገዛችሁ በኋላ የማስታወቂያውን የመጨረሻ መስመር ደጋግማችሁ አንብቡት፤ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ይላል። በከተማችን የብዙ ሰው መብት ሲጓደል አይቻለሁ፤ ይህ መብት ግን ሁልጊዜ እንደተጠበቀ ነው።

ጨረታ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግና ሰኔ ደግሞ 30 ቀን ብቻ ስላለው፣ ብልሆቹ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሻጮች በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይገላገሉታል። ሕጉ ውድድር ስለሚፈልግ ሦስት ዋጋ ይሰበሰባል። አንድ ወዳጄ በአንድ ወቅት ያሳየኝ ሦስት ፕሮፎርማ የሦስት ድርጅት ማኅተም ነበረበት፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የአንድ ሰው ነበር፤ በሦስቱም ላይ «ወንበር» የሚለው ቃል «ወንብር» ተብሎ ተጽፏል። ተፎካካሪዎች በፊደል ግድፈት እንኳ ሳይለያዩ መቅረባቸው፣ ድሬ የምትታወቅበት ተቻችሎ የመኖር ባህል ገበያውንም እንዳዳረሰ ያሳያል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የጎርፍ መውረጃ ቦይ የማስጠረጊያውን ጨረታ ነው። ጎርፉ ከላይ ከደንገጎ ተራሮች በኩል ተነሥቶ፣ አንዳንዴ እኛ ሰማዩ ጠርቶልን ሳለ፣ ቁልቁል እንደሚወርድ የማያውቅ የከተማው ልጅ የለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ነፍስ ይዞ የሄደው ጎርፍም የበጀት ወቅት ጠይቆ አልመጣም። ቦዩ ደርቆ አካፋ በሚያስገባበት በጥር ይጠረግ የሚሉ ሰዎች ግን የአሠራርን ምስጢር አያውቁም። ሰኔ ላይ ጨረታው ይወጣል፣ አሸናፊው ይለያል፣ ውል ይፈረማል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ጎርፉ ራሱ ቦዩን ጠርጎ ይሄዳል። ለዚህ አገልግሎቱ ሲፒኦ አላስያዘም፤ ክፍያም አልጠየቀም።

የእኔ ደብዳቤ ግን አልተጻፈችም። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ወንበሮቹ አሁንም ላስቲካቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ማተሚያውም በነበረበት አለ። ጸሐፊዋ ቶነሩ ላይ ካስቀመጠችው የሻይ ብርጭቆ ቀና ብላ አየችኝና አዘነችልኝ።

«የአዲሱ ዓመት በጀት ገና አልተለቀቀም ጋሼ» አለችኝ። «ሰኔ ላይ ብቅ ይበሉ።»