አንዲት ነጠብጣብ መስመር ለመቀየር የአንታርክቲካን በረዶ ማውረድ

መንዝ ላይ ዋናው መንገድ የእግር መንገድ ነው። ገበያ የሚኬደውም፣ አህያ የሚነዳውም፣ ታማሚ በቃሬዛ የሚወጣውም በእሱ ነው። በቀደም እዚህ ደብረ ብርሃን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አብራን የምትሠራ አንዲት የመሐል ሜዳ ልጅ እናቷ ገበያ የምትሄድበትን መንገድ ከሳተላይት ምስል እያየች ካርታው ላይ ሳለችው። ሃያ ደቂቃም አልፈጀባት። ካርታውን ትንሽ ስታርቀው ግን መንገዱ ድራሹ ጠፋ።

«የት ገባ?»

«አለ፣ ከሩቅ አይታይም እንጂ።»

«አይታይም ያለው ማነው?»

ደህና ጥያቄ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ማንም ገብቶ መንገድ የሚጨምርበት ካርታ ነው። የትኛው መንገድ በምን ቀለም፣ ከምን ያህል ርቀት ይታይ የሚለውን የሚወስነው ግን ካርቶ የሚባለው የስታይል ኮድ ነው። እሱም ክፍት ነው፤ ማንም ማሻሻያ ማቅረብ ይችላል። ይችላል ሲባል እንግዲህ...

ሞከርኩት። የፈለግኩት ያቺ የእግር መንገዱን የምታሳየው ነጠብጣብ መስመር ካርታው ሲቀርብ አንድ የማጉያ እርከን ቀደም ብላ እንድትታይ ብቻ ነበር። ውጤቱን ለማየት ግን መጀመሪያ ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ መጫን፣ የአገሩን ዳታ አውርዶ እዚያ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ደግሞ የዓለምን የባሕር ዳርቻ ቅርጽና የአንታርክቲካን የበረዶ ግግር ማውረድ አለ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ፣ የራሱ ብርድ አንሶት፣ የአንታርክቲካ በረዶ በሞባይል ፓኬጅ! ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። እንደገና ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ተውኩት።

ኮዱን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች አልወቅስም። እነሱም በነጻ ነው የሚሠሩት፣ አንድ ለውጥ ደግሞ መንዝንም አምስተርዳምንም እኩል ይነካል፤ የእግር መንገድ ሁሉ ከሩቅ ይታይ ቢባል የአውሮፓ ከተሞች ወንፊት ይመስላሉ። ስለዚህ ሐሳቤ ውድቅ ሊደረግ ይችላል፣ ይደረግ። ግን ውድቅ ለመደረግም እኮ መጀመሪያ ማቅረብ አለብኝ!

የአንድ ወረዳ ያህል ትንሽ የሙከራ ዳታ አብሮ ቢመጣ፣ ባሕርና በረዶ የማይነካ ለውጥ ያለ ባሕርና በረዶ ቢሞከር፣ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉትን ሁለት ምስሎች ደግሞ የእኔ ላፕቶፕ ሳይሆን የእነሱ ሰርቨር ቢስል ግማሹ ጣጣ ያልቃል።

በቬክተር ካርታ በኩል፣ ማለትም ሥዕሉ ሰርቨር ላይ አልቆ ሳይሆን እዚያው ተመልካቹ መሣሪያ ላይ በሚሳለው ካርታ፣ ነገሩ ቀሏል። ማፑትኒክ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ቀለም ስትነካ ወዲያው ያሳይሃል፣ የሚጫን ነገር የለውም። ከሩቅ የማሳየቱ ጉዳይ እዚያም ከዳታው ጋር ይያያዛል እንጂ መልኩን መቀየር እንደልብ ነው።

ባለፈው ለልጅቷ ከፈትኩላት። የእግር መንገዱን ወፍራም ቀይ አደረገችው። በጣርማ በር የሚያልፈውን የደሴ አስፋልት ክር አሳከለችው።

«አሁን አገሬን መሰለ» አለች።

ፋይሉ ፍላሼ ላይ አለ። የት እንደምልከው ግን እስካሁን ግራ ገብቶኛል።